ያልገባችው ዝንብ

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ለፍጡር ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ አልተናገርኩም። ለንስሐ አባቴ አልተናገርኩም። ዛሬ ጠዋት ለአንዲት መነኩሲት ተናገርኩ፤ እሳቸውም «ነገ ና» ብለውኛል። በዛሬና በነገ መካከል ያለው ሰዓት አላስቀምጥ ብሎኝ ነው ብዕር ያነሣሁት። ተቀመጥኩ፤ ተነሣሁ። የወፍጮ ቤቱን በር ከፈትኩ፤ መልሼ ዘጋሁ። እሑድ ነው፤ የሚፈጭ የለም። አንድ ዶሮ ጥሬ ፍለጋ ገብታ ነበር፤ እሷም ፊቴን አይታ ወጣች።

የማታውቁኝ እወቁኝ። ከሰቆጣ ወጣ ብሎ ባለ መንደር የእህል ወፍጮ አለኝ። ጸጉሬ የሸበተው በዕድሜ ይሁን በዱቄት እኔም አላውቅም። እንጀራዬ መፍጨት ነው፤ ሙያዬ ግን ማጋነን ነው። ወረፋ የሚጠብቅ ሰው እንዳይሰለቸው አወራለሁ። አበርገሌ ቆላ ወርጄ ሙቀቱ ዶሮዬን የተቀቀለ እንቁላል አስጣላት፣ እኔ ጨው ብቻ ነው የነሰነስኩበት ያልኩት እኔ ነኝ። በድርቁ ዓመት አህያዬ የራሷን ጥላ ግጣ ጨረሰችው ያልኩትም እኔው ነኝ። አሁን አንዲት ዝንብ አንድን ሰው ከክርስቶስ ሥጋና ደም ለየችው ብላችሁ ይህንንም ከአህያዋ ጋር ትደምሩት ይሆናል። አትደምሩት። እንዲያውም ዝንቧ የለችበትም። የለየሁት እኔ ነኝ።

አያ ዘውዱ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ ጎረቤቴ፣ አራሽ፣ ንብ አናቢ። በዚህ አገር እንደሳቸው የሚስቅ ሰው አልነበረም። ያንኑ የእንቁላል ወሬ ሃያ ጊዜ ቢሰሙት ሃያ ጊዜ ከስልቻቸው ላይ ይንከባለላሉ፤ ዕንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ «ውሸታም! ይቺን ውሸት ድገማት!» ይሉኛል። ቀልደኛ ለሚስቅለት ሰው ምን እንደሚሰማው ቀልደኛ ብቻ ያውቃል። እኔ አያ ዘውዱን እንደ አባት እወዳቸው ነበር። ይህን ለማመካኛ አልጠቀስኩትም። ክፋቴን ያከብደዋል እንጂ አያቃልለውም።

ከሚስታቸው ከእማ ትርንጎ ጋር አርባ ዓመት የኖሩት በሰማንያ ነው፤ በሽማግሌ ፊት በተፈረመ ውል። በቁርባን አልተጋቡም። ቁርባን ማለት መመለሻ የሌለው መንገድ ነውና አገሬው ሁሉ «ስንሸመግል» እያለ ያቆየዋል፤ እሳቸውም አቆዩት። አንድ የጎረበጣቸው ነገርም ነበር። በድንበር ምክንያት ከታናሽ ወንድማቸው ጋር አሥራ አራት ዓመት አልተነጋገሩም። በመጨረሻ ራሳቸው ድንጋይ ተሸክመው ሄደው ታረቁ፤ ድንበሩንም ለወንድማቸው ለቀቁለት። የንስሐ አባታቸው ቀኖና ሰጧቸው፤ ጾሙ፣ ሰገዱ፣ ጉልበታቸው እስኪያብጥ ሰገዱ። ጠላ ተዉ። እኔ ወፍጮ ቤት መጥተው መሳቅን ግን አልተዉም። «ሳቅ ቀኖና ውስጥ የለም፤ ቄሱን ጠይቄያለሁ» ይሉኝ ነበር።

ከዚያ ቀኑ ደረሰ። እሑድ ነበር። ሁለቱም አዲስ ነጠላ ለብሰዋል። ከቅዳሜ ቀትር ጀምሮ እህልም ውኃም በአፋቸው አልዞረም። ያን ቀን ሥጋ ወደሙን አብረው ይቀበላሉ፤ ከዚያ በኋላ በምድር የፈረመ ሽማግሌ ሳይሆን ሰማይ ያሰራቸው ባልና ሚስት ይሆናሉ። እማ ትርንጎ በዚያ ሰሞን አንድ ቀን ሽሮ ሊያስፈጩ መጥተው «ሞት ቢለየን እንኳ ዘውዱ አጣኋት እንዳይል፤ በወዲያኛውም ዓለም እፈልገዋለሁ» ብለውኛል። ሰምቻለሁ እኮ። አልሰማሁም ማለት አልችልም።

ቅዳሴው ረጅም ነበር። እሳቸው ከበሩ አጠገብ ግድግዳውን ተደግፈው፣ አገጫቸውን መቋሚያቸው ላይ ጥለው ቆመዋል። እኔ ከኋላቸው ነኝ። እኔ ከሚቆርቡት አይደለሁም፤ ከበር ከማያልፉት ነኝ። ፀሐይ በበሩ ገብታ ፊታቸው ላይ አረፈች። ጾሙም ዕድሜውም ተረዳድተው እንቅልፍ ሸለብ አደረጋቸው፤ አፋቸው ቀስ ብሎ ተከፈተ። አንዲት ዝንብ መጣች። ጢማቸውን ዞረች፤ አፍንጫቸው ላይ አረፈች፤ ተነሥታም በበሩ ወጣች፤ ሄደች። በዓይኔ አይቻታለሁ። ወጥታለች።

ታዲያ ምን ነካኝ? ዐሥር ጊዜ፣ መቶ ጊዜ፣ ሺህ ጊዜ ጠይቄዋለሁ፤ ይሄ ማጋነን አይደለም። ክፋት ነበረብኝ? የለም። ቅናት? አንድ የማይቆርብ ጎልማሳ የሚቆርብ ሽማግሌ ሲያይ ትንሽ ቅናት አይጠፋውም፤ ግን እሱም አይደለም። የሚያስቅ ነገር ታየኝ፤ በቃ። አፌ ከልቤ ይቀድማል። ጎንበስ ብዬ በጆሯቸው «አያ ዘውዱ፣ ዝንብ ገባችብዎ እኮ» አልኳቸው።

ደንግጠው ነቁ። ሲነቁም ዋጡ።

ለመቁረብ የተዘጋጀ ሰው ውኃ በጉሮሮው ቢወርድ ወይም ዝንብ ቢገባበት ጾሙ ፈርሷልና የዚያን ቀን አይቀበልም። ይህን በአገራችን ሕፃኑም ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። ቀልዱ እሱ ላይ ነበር። ይቆጡኛል፣ በመቋሚያቸው ጎኔን ይወጉኛል፣ ከዚያ «ቀልዴን ነው» እላቸዋለሁ፣ ነገ ወፍጮ ቤት ይስቁበታል፤ የኔ ስሌት ይኸው ነበር።

እሳቸው ግን ጉሮሯቸውን በእጃቸው ያዙ። ዞረውም «አይተሃል?» አሉኝ።

«በዚህ በዓይኔ በብረቱ» አልኩ።

«ስትገባ?»

«ንብ ታክላለች። ክንፏ ሲጠፋ አይቻለሁ።»

ንብ ታክላለች። አያችሁ፣ ላልገባችው ዝንብ መጠን ጨመርኩላት። እዚያ ላይ እንኳ ማጋነኔን አልተውኩም።

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ያን የተናገርኩት በኽምጥኛ ነው። ወፍጮ ቤት የምቀልደው በአማርኛ ነው፤ ከየቦታው የሚመጣ ሰው እንዲሰማ። ኽምጥኛ አፍ የፈታሁበት የእናቴ ቋንቋ ነው፤ ከአያ ዘውዱም ጋር የምናወራበት የለቅሶ፣ የምክር፣ የቁም ነገር ቋንቋ ነው። በዚያ ቋንቋ ዋሽቻቸው አላውቅም ነበር። እንደዚያ ባይሆን፣ በአማርኛ ብላቸው ኖሮ፣ «ውሸታም!» ይሉኝ ነበር። በኽምጥኛ ስለሆነ አመኑኝ።

«ቀልዴን ነው» ለማለት አፌን ስከፍት ደወሉ ተደወለ። መጋረጃው ተከፈተ፤ ሕዝቡ ሁሉ ወደቀ። ካህኑ ሦስት ጊዜ «አምናለሁ» ይላል፤ ይህ ሥጋው ነው፣ ይህ ደሙ ነው ብሎ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ እኔ ምን ልበል? አንገቴን ደፋሁ። አፈርኩ። ፈራሁም። በቅዱስ ቁርባን ቀለደ ተብሎ አገር እንዳያባርረኝ ፈራሁ። ቀና ስል አያ ዘውዱ ከሚቆርቡት ሰልፍ ወጥተዋል። ጀርባቸውን ለግድግዳው፣ ፊታቸውን ለነጠላቸው ሰጥተዋል። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። እየሳቁ ነው ብዬ አንድ ቅጽበት ተስፋ አደረግኩ። እሳቸው ሲስቁ ትከሻቸው እንደዚያ ነበርና።

እማ ትርንጎ ከሴቶቹ በኩል አይተዋቸዋል። ዲያቆኑ ሊያስገባቸው ሲል ራሳቸውን ነቀነቁ። «ያለሱ አልገባም» አሉ። እሳቸውም ወጡ።

ያን ቀን ጠዋት ሁለት ሰዎችን ከመቅደሱ በር መለስኩ። በአንዲት ዓረፍተ ነገር።

በማግሥቱ ወፍጮ ቤት መጡ። ከጋቢያቸው ሥር የማር ገንቦ አወጡ፤ ነጭ ማር፣ ለበዓል ያስቀመጡት። ወፍጮው ይጮኻል፤ ጆሮዬ ድረስ ተጠግተው ነው የሚናገሩት።

«ይሄ ላንተ ነው።»

«ለኔ? ለምኑ?»

«እሳት ልውጥ ነበርኮ ልጄ! ጾሜን ፈትቼ ያንን እሳት ልውጥ! ሰዉ ሁሉ ዝም ሲል አንተ ነገርከኝ። ቀልደኛ ነው ይሉሃል፤ እኔ ግን አሁን አወቅሁህ። እግዜር ባንተ አፍ አስጠነቀቀኝ። ቄሱም በሚቀጥለው ወር ሚካኤል ትቀበላላችሁ ብለውናል።»

«አያ ዘውዱ፣ ቀልዴን ነበር» አልኩ። እምላለሁ፣ ብያለሁ። ግን ወፍጮው እየጮኸ፣ በዚያ ላይ ፊቴን ወደ ቋቱ አዙሬ፣ በከንፈሬ ነው ያልኩት። የሞተሩ ማጥፊያ ከቀኝ እጄ አንድ ክንድ አይርቅም ነበር። አንድ ክንድ! እጄን ብዘረጋ ዝም ይላል። አልዘረጋሁም። «ምን አልክ?» አሉኝ። «እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ።

ማሩንም በላሁት። ጣፋጭ ነበር። የጣፈጠኝን አልጣፈጠኝም ብዬ ሁለተኛ ውሸት አልዋሽም።

የወሩ ሚካኤል ሊደርስ አምስት ቀን ሲቀረው አያ ዘውዱ ማሳቸው ውስጥ ወደቁ። ግማሽ ጎናቸው ሞተ፤ ምላሳቸው ተያዘ። ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ቃሬዛ ሠራና በማግሥቱ ለቅዳሴ ተሸክመን ወሰድናቸው። በኛ ሥርዓት ቁርባን ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ወደ ታማሚ ቤት አይሄድም፤ ታማሚው ነው የሚሄደው። ከተሸካሚዎቹ አንዱ እኔ ነኝ፤ በራስጌ በኩል። ዳገቱን ስንወጣ አፋቸው ተከፍቶ ነበር። ዝንብ መጣች። አሁን እውነተኛ ዝንብ ነበረች፤ አንድ ብቻም አልነበረችም። በአንድ እጄ ቃሬዛውን ይዤ በሌላው በነጠላዬ አባርራለሁ። እንዳትገባ፣ እንዳትገባ እያልኩ እስከ ደጀ ሰላም ድረስ አባረርኩ። አብሮኝ የተሸከመው ሰው «አንተስ ከልጅ በላይ ሆንክላቸው» አለኝ።

ቄሱ መጥተው ጎንበስ ብለው አዩአቸው። ትንሽ ጠበል በጣታቸው ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። በጉንጫቸው ወረደ፤ መዋጥ አልቻሉም። ቄሱ ቀና አሉና «ምን ላድርግ? እንዴት አድርጌ ልስጣቸው? የጌታን ሥጋ መሬት ላይ ልጣል?» አሉ። ማንንም አልጠየቁም፤ እያለቀሱ ነው የተናገሩት። አያ ዘውዱ ሰምተዋል፤ ዓይናቸው ሕያው ነበር። ያ ዓይን ወደ መቅደሱ ዞረ፤ ከዚያ ወደ እኔ መጣ፤ ከኔም ላይ አልተነሣም። ምን ይለኝ ነበር? እስከ ዛሬ አላውቅም። ምስጋና እንዳይሆን ብቻ እፈራለሁ።

በሦስተኛው ቀን ሞቱ። በተዝካራቸው እማ ትርንጎ በሰው ፊት አስነሥተውኝ የዝንቧን ታሪክ ተናገሩ፤ «ዘውዱ ሳይቀበል ሞተ፤ ግን ሳይገባው ተቀብሎ አልሞተም፤ ለዚህ ልጅ እድሜ ይስጥልኝ» አሉ። ሰዉ «አሜን» አለ። እኔም «አሜን» አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ሰባት ዓመት ሆነ። ድርቅ መጣ፤ ጦርነት መጣ፤ ሸሸን፤ ተመለስን፤ ወፍጮዬ ተፈታታ፣ እንደገና ቆመች። ይሄ ሁሉ ሲሆን አንድ ቀን እንኳ አልረሳሁትም። ለንስሐ አባቴ ያልሠራሁትን ኃጢአት ሳይቀር ተናዝዣለሁ። ዱቄት ቆንጥሬያለሁ አልኩ፤ አልቆነጠርኩም። ስግደት ይዘዙኝ ብዬ ነው። በማይገባኝ ኃጢአት ተቀጥቼ የሚገባኝን ልከፍል ፈለግሁ። እግዜርን እንደ ወረፋ ጠባቂ ላታልለው አሰብኩ።

አንድ ጊዜ ከዚህ ሁሉ መውጫ ያገኘሁ መሰለኝ። ከሌላ አገር የመጣ አስተማሪ ነበር፤ ሃይማኖቱ ከኛ የተለየ፣ ጨዋ ሰው። ወሬ አስመስዬ ጠየቅኩት። «በናንተ ዘንድ ኅብስቱ እውነት ሥጋ ይሆናል?»

«እኛ መታሰቢያ ነው የምንለው» አለኝ። «ኅብስቱ ኅብስት ነው። ዋናው እምነት ነው።»

እንዴት ደስ አለኝ! ሁለት ሌሊት ያለ ሐሳብ ተኛሁ። ኅብስት ከሆነ ያስቀረሁባቸው ምንድን ነው? አንድ ቁራሽ። ቁራሽ ለማስቀረት ማን ገሃነም ገባ? በሦስተኛው ቀን ግን ወፍጮ ላይ ቆሜ ያ የሚንቀጠቀጥ ትከሻ መጣብኝ። ሰው ለቁራሽ እንደዚያ አያለቅስም። ጉልበቱን አያሳብጥም፤ ለወንድሙ ድንበር አይለቅም። አስተማሪው በእምነቱ ይኑር፤ አልከራከረውም። እኔ ግን እዚያ በር ላይ ቆሜ አይቻለሁ። በዘመኔ ሁሉ ቅዳሴ ቆሜ፣ «ይህ ሥጋው ነው» ሲባል ሰምቼ እንደ ልማድ አንገቴን ደፍቻለሁ። እውነት ሥጋው መሆኑን ያመንኩት አንድ ሽማግሌ እንዳይነካው ፈርቶ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ነው። ያመንኩት በሠራሁት ግፍ ነው። እንግዲህ ካመንኩ የነጠቅኩት ቁራሽ አይደለም። እንጀራ ብነጥቅ ሌባ እባል ነበር። ጌታን ከሰው አፍ የነጠቀ ምን ይባላል? ስሙን የምታውቁ ንገሩኝ።

እማ ትርንጎ መነኮሱ። አሁን እማሆይ ናቸው፤ በየጊዜው ይቆርባሉ። ባለፈው ረቡዕ ከቅዳሴ በኋላ ለሚታደለው መክፈልት የሚሆን ስንዴ ሊያስፈጩ መጡ። ሲወጡ በሩ ላይ ቆሙና «የክርስትና ስምህን ንገረኝ» አሉኝ።

«ለምንዎ እማሆይ?»

«በቅዳሴ ላስጠራህ ነዋ። ከዘውዱ ስም ቀጥሎ። የሱ ነፍስ ባንተ ተረፈች፤ ያንተ ደግሞ ከሱ ጋር ትታሰብ።»

ስሜ ከሳቸው ስም ቀጥሎ ሊጠራ፤ በዚያ መሥዋዕት ፊት። «ረሳሁት» አልኳቸው። የክርስትና ስሙን የረሳ ሰው! ሳቁ፤ «አንተ ቀልደኛ!» ብለው ሄዱ። ከረቡዕ እስከ ዛሬ ምግብ በጉሮሮዬ ሲወርድ ይሰማኛል። እያንዳንዷ ጉርሻ ስትወርድ ትሰማኛለች።

ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላሙ ጠበቅኳቸው። ቆርበዋል፤ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነዋል። ከሰዉ ዞር አልንና በኽምጥኛ ነገርኳቸው። በዚያው ቋንቋ ነው የዋሸሁት፤ በዚያው መለስኩት። ዝንቧ አልገባችም፣ ወጥታለች፣ አይቻታለሁ፣ ማሩንም በላሁ፣ «አሜን»ም አልኩ አልኳቸው። ምንም አላጋነንኩም። ምናልባት በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ነገሩን በልኩ ተናገርኩ።

እማሆይን አየኋቸው። ዓይናቸው አላነባም። ከዚያ ነጠላቸውን ከአፋቸው ትንሽ ዝቅ አደረጉ።

«ዛሬ ቆርቤያለሁ» አሉ። «ምራቅ መትፋት አይፈቀድልኝም።»

መልሰው ተሸፈኑና ሄዱ። ጥቂት ርምጃ ከተራመዱ በኋላ ሳይዞሩ «ነገ ና» አሉ።

ይኸው ነው። ቀልዴን ነበር አልልም፤ ቀልድ ቢሆንማ አንድ ሰው በሳቀ ነበር። ሳላውቅ ነው አልልም፤ የሞተሩ ማጥፊያ በቀኜ ነበር። ይቅር በሉኝም ማለት ይከብደኛል፤ ይቅር የሚሉኝ ሰው መዋጥ አቅቷቸው ሞተዋል። በእኛ አገር ትልቅ ሰው የሚተፋው ለሁለት ነው፤ ለመርገምም ለመመረቅም። ነገ የትኛው እንደሆነ አልጠየቅኩም፤ አልጠይቅምም።

ዱቄቱን ከፊቴ ታጥቤ እሄዳለሁ። ምራቃቸው ሲያርፍ በራሴ ፊት ላይ ይረፍ።